ሣሩ ሳይደርቅ

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ትዝታ የሆቴሉን የውሃ ሮቶ በእጇ ጀርባ መታ መታ አደረገችው። እስከ ወገቡ ባዶ ነው፤ ከወገቡ በታችም ብዙ አልነበረውም። ፊቷን ወደ ሣሩ መለሰች። ከችግኝ ጣቢያዋ በካሬ በካሬ ተቆርጦ መጥቶ ትናንት እሷና ሠራተኞቿ ጉልበታቸው እስኪዝል ያነጠፉት ሣር ጠርዝ ጠርዙ መጠቅለል ጀምሯል። የሐምሌ ነፋስ የመንገዱን አቧራ እያፈሰ በአጥሩ ላይ ይወረውራል።

«ጋሼ አየነው፣ የውሃ ቦቴው ሹፌር ምን አለ?»

«መንገድ ላይ ነኝ አለ አለቃ።»

«መንገድ ላይ ነኝ ካለ ሁለት ሰዓት አለፈው እኮ!»

አየነው ሃምሳ ዓመት ያለፈው ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ የአገሯ የፍኖተ ሰላም ሰው። በዕድሜ አባቷ ቢሆንም የምታሠራው እሷ ናትና «አለቃ» ይላታል። ከእሱ የሰማው ሁሉ፣ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ናጂብ ሳይቀር፣ አለቃ ማለት ከጀመረ ስሟን በሥራ ቦታ የሚጠራው ጠፍቷል። ከአንድ ሰው በቀር።

ሆቴሉ የሚመረቀው ሐሙስ ነው። ትዝታ በሀርጌሳ የግቢ ማስዋብ ሥራ ከጀመረች እንዲህ ያለ ትልቅ ግቢ ይዛ አታውቅም። እስካሁን የያዘቻቸው የሰው ቤቶች ናቸው፤ የሰው ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ ዱባይ ያየውን ግቢ በስልኩ አንስቶ ይመጣና «ይኼንን አድርጊልኝ» ይላል። ሌላዋ ቦገንቪላ አስተክላ በሳምንቱ ትደውልና «አበባሽ ሞተ» ትላለች፤ ማን ውሃ ያጠጣው እንደነበር ስትጠየቅ «ውሃም ይጠጣል እንዴ?» ትላለች። ፍየሉ አለ። የሀርጌሳ ፍየል የግቢ በር የሚከፈትበትን ደቂቃ ከዘበኛው ይልቅ አሳምሮ ያውቃል። ከሁሉ በላይ ግን ውሃ ነው። ሌሊት ከእንቅልፏ የሚያነቃት ሌባ ወይም ውሻ ሳይሆን «ነገ ቦቴው ባይመጣስ?» የሚለው ሐሳብ ነው።

ቢሆንም ትወደዋለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እዚህ ከተማ የመጣችው የቤት ሠራተኛ ሆና ነበር። አሠሪዋ ወይዘሮ ዴቆ፣ ትዝታ በጓሮ የተከለችው ሮማን ፍሬ ሲይዝ አይተው፣ «ቤት የሚጠርግልኝ አላጣም፤ እንዲህ የሚተክል እጅ ግን አላየሁም። ሂጂና ሥሪበት» ብለው በምርቃት ሸኟት። አሁን ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር የተከራየችው የችግኝ ጣቢያ አላት፤ ዳሚ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል አለቻት፤ አንድ የጭነት ባጃጅ አላት።

ፍቅርም ነበራት፤ ሕንፃውን የሚያሠራው ኢንጂነር ዓለምብርሃን። የተዋወቁት በጠብ ነው። የቧንቧ ቦይ የሚቆፍሩ ሠራተኞች ግቢው ውስጥ የቆየውን የኒም ዛፍ ሊነቅሉት ሲሉ ሄዳ ዛፉ ሥር ቆመች። ኢንጂነሩ ፕላኑን ይዞ መጥቶ አንዴ ዛፉን፣ አንዴ እሷን አየ። ከዚያ እርሳሱን አውጥቶ ቧንቧውን በዛፉ ዙሪያ አጠማዘዘው። ያን ቀን ስታየው ዓይኑን ቶሎ አልነቀለም፤ እሷም አልነቀለችም። ስምንት ወር እንደዚያ ሆኑ። ማታ ማታ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ካለው የኪራይ ቤቱ ደውሎ ስለ አፈርና ስለ ሲሚንቶ ይጀምርና ስለ ሌላ ነገር ይጨርሳል።

ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ግን ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፕላኖቹ ሥር፣ የአውሮፕላን ትኬት አየች። ከሀርጌሳ አዲስ አበባ፤ ከምረቃው በኋላ ባለው ቅዳሜ፤ በስሙ፤ መመለሻ የሌለው። ምንም አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም፤ ጠይቃ የምትሰማውን ፈራች። ቤተሰቦቹ ትልቅ ሰዎች መሆናቸውን ታውቃለች። አባቱ ዳኛ ነበሩ። የዳኛ ልጅ የሰው ቤት ሠራተኛ የነበረችን ሴት ይዞ የት ይገባል? ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንተ» ይለው የነበረ አፏ «እርስዎ» ይለው ጀመር። ዓለምብርሃን መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ግን ደነገጠ።

ስልኳ ጮኸ። የቦቴው ሹፌር ባሬ ነው። ትዝታ በሶማሊኛ ጥቂት አውርታ ዘጋችው።

«የኋላ ጎማው ከነብረቱ ወልቆበት ቆሟል። ዛሬ አይደርስም።»

ናጂብ ከእንግዳ መቀበያው እየሮጠ ወጣ። አዲስ አበባ ነው ያደገው፤ ሲደነግጥ አማርኛው ይፈጥናል። «አለቃ፣ ሐሙስ ሁለት መቶ እንግዳ አለብኝ! ወላሂ ሰዉን የጠራሁት አረንጓዴ ግቢ ብዬ ነው፣ ቢጫ አላልኩም!»

«አውቃለሁ ናጂብ። ሌላ ቦቴ እፈልጋለሁ።»

የደወለችላቸው ሁሉ የነገ ቀጠሮ ሰጧት። ሣሩ ደግሞ ነገን አይጠብቅም። ቀና ስትል ዓለምብርሃን የቢሮው በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ዓይናቸው ተገናኘ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ እሷ ቀድማ ፊቷን አዞረች። የፒክአፕ መኪናው ሞተር ሲነሳና በበሩ ሲወጣ ሰማች።

«ሄደ» አለች ለራሷ። «በዚህች ሰዓት እንኳ ሄደ።» አካፋዋን አነሳች።

ስድስት ሰዓት ገደማ አንድ ታክሲ በሩ ላይ ቆመ። ነጠላ ያጣፉ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ አንዲት ትልቅ ሴት ሻንጣቸውን አስወርደው ገቡ። ግቢ ውስጥ ካሉት ሰዎች የአገራቸውን ሰው በፊቷ ለይተው ወደ ትዝታ መጡ። ትዝታ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች።

«ልጄ፣ ኢንጂነር ዓለምብርሃን እዚህ ነው የሚሠራው?»

«አዎ እትዬ። አሁን ግን ወጥቷል።»

«እናቱ ነኝ። አምለሰት እባላለሁ። ሳልነግረው ነው የመጣሁት።»

ትዝታ አካፋዋን መሬት ላይ ተከለች። ወንበር አምጥታ ኒሙ ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው፤ ውሃ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ አምለሰት ጠጥተው ብርጭቆውን ሲመልሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እዚህ ከሠራሽ ታውቂያት ይሆናል። ችግኝ የምትሸጥ ሴት አለች አሉ። ልጄን ልቡን የወሰደችው።»

«አውቃታለሁ።»

«እንዴት ያለች ናት?»

ትዝታ ጭቃ የነካውን ቀሚሷን አየች። «ሥራ ትወዳለች። ትንሽ ቁጡ ናት።»

«የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች ይባላል።»

«እሱም እውነት ነው።»

ሴትዮዋ በረጅሙ ተነፈሱ። ከቦርሳቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። «የቤቱን አድራሻ ከታች ጽፎታል። መነጽሬ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ አንብቢልኝ እስኪ። ዕቃዬን ላሳርፍ።»

ትዝታ ወረቀቱን ተቀበለች። የምታውቀው የእጅ ጽሕፈት ነው። አድራሻውን ብቻ ልታይ ነበር፤ ዓይኗ ግን እሺ አላላትም።

«እማዬ፣ በስልክ ስጀምርልሽ ስለምትዘጊብኝ ጻፍኩ። ሥራዬ እያለቀ ነው፤ ቅዳሜ እመጣለሁ። የመመለሻውን ትኬት ያልቆረጥኩት እሺ እስክትይኝ ስለማልነሣ ነው። እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ እምቢ ካልሽኝ እሷ እንድትሰማው አልፈልግም። የሰው ቤት መሥራቷን ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔ ነገርኩሽ፤ እኔ አላፍርበትም። ደረቅ መሬት ላይ ቆማ አረንጓዴ የምታይ ሴት ናት። ብታያት...»

ፊደሎቹ ተቀላቀሉባት። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ «እርስዎ» ስትለው፣ እሱ ይህንን በልቡ ይዞ ዝም ብሎ ሲያያት! አድራሻውን እንደምንም አንብባ ወረቀቱን መለሰች።

«ምነው? ዓይንሽ ቀላ።»

«አቧራው ነው እትዬ። ነፋሱ ዛሬ ብሷል።»

ወይዘሮ አምለሰት ነፋሱን ሲከተሉ ዓይናቸው ሣሩ ላይ አረፈ። ተነሡ። ጎንበስ ብለው አንዱን ካሬ በጣታቸው ቀና አድርገው ሥሩን አዩ።

«ይኼ መቼ ተነጠፈ?»

«ትናንት። ውሃ የሚያመጣልን ቦቴ ተሰበረ። ሮቶው ውስጥ ሩብ ያህል ቀርቶናል። እሱን ልረጨው ነው።»

«በዚህ ፀሐይና ነፋስ? ሳይነካው ይተናል! የሚለብስ ነገር አልብሺውና ልብሱን አርጥቢው እንጂ። ጆንያ የለም?»

ትዝታ ቆም አለች። ችግኝን ስንት ጊዜ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናለች! ዛሬ ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ አእምሮዋ ተዘግቶባት ነበር። ዞር ዞር ብላ አየች፤ ያሉት ጆንያዎች ለሲሶው እንኳ አይበቁም።

«ሆቴል አይደለም እንዴ ይኼ?» አሉ ወይዘሮ አምለሰት። «አንሶላ የለውም?»

ናጂብ ነገሩ ሲነገረው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «አዲስ ናቸው! ከነፕላስቲካቸው!»

«ልጄ፣ አንሶላ ይታጠባል፤ የደረቀ ሣር ግን አይታጠብም» አሉት። ዳኛ ቤት የኖረ ድምፅ ነበርና ናጂብ «እሺ እማማ» ብሎ ሮጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሰርግ ይመስል ነበር። ወይዘሮ አምለሰት ጫማቸውን አውልቀው የአየነውን ትርፍ ቦቲ አጠለቁ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አደረጉ። ነጩ አንሶላ እየተዘረጋ፣ በነፋስ እየተነፋ፣ ሰው ሁሉ እየተሯሯጠ ጫፍ ጫፉን በድንጋይ ያዙት። ናጂብ እንኳ ከነከረባቱ አንዱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ፈጠን በሉ፣ ሊያበረኝ ነው!» ይል ነበር። ትዝታ የውሃውን ጎማ ይዛ አንሶላውን በቁጠባ ታረጥባለች፤ ወይዘሮ አምለሰት ከኋላዋ ጎማውን እንዳይታጠፍ ይስቡላታል።

«እትዬ፣ ይኼን የት ለመዱት?»

ሴትዮዋ ጎማውን እየሳቡ ጥቂት እርምጃ ሄዱ።

«አባቴ የደሴ ማዘጋጃ ቤት አትክልተኛ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ከትምህርት ቤት ስመለስ ችግኝ አብሬው አለብስ ነበር። ሳገባ ግን ለባሌ ቤተሰቦች 'ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር' አልኩ። ልጄም አያቱን ጸሐፊ ብሎ ነው የሚያውቀው። አርባ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተነፈስኩም። ለአንቺ ለምን እንደነገርኩሽ እንጃ። የእርጥብ አፈር ሽታው ነው መሰለኝ።»

ትዝታ ጎማውን ዘጋች። ዝም ማለት ትችል ነበር። ዓለምብርሃን እስኪመጣ ዝም ብትል፣ እሱ አሳምሮ ያስተዋውቃት ነበር። ግን ሴትዮዋ አርባ ዓመት የደበቁትን ነገር እጇ ላይ አስቀምጠውላታል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ይኼን የነገሩኝ እኔን ሳያውቁኝ ነው። ትዝታ እኔ ነኝ፤ ችግኝ የምትሸጠው።»

ነፋሱ አንሶላውን አጮኸው። ወይዘሮ አምለሰት ጎማውን ለቀቁት።

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ። ግን ምስጢርዎን ሰምቼ ስሜን ብደብቅ ሌባ እሆናለሁ።»

ሴትዮዋ ሄደው የሲሚንቶ ክምር ላይ ተቀመጡ። ትዝታ ልትከተላቸው አልደፈረችም። አንዱ አንሶላ ጫፉ ተነሣ፤ ሮጣ ያዘችው፤ ድንጋይ ጫነችበት። ቀጥሎ ሌላው ተነሣ። እንባዋ እየወረደ ሥራዋን ቀጠለች። ቢያዝኑባትም፣ ቢሄዱም፣ ይህ ሣር እንዲደርቅ አትፈቅድም።

«ነይ እስኪ» የሚል ድምፅ ሰማች።

ፊታቸው ቆመች። ወይዘሮ አምለሰት እጇን ያዙና መዳፏን ገለበጡት። የጠነከረውን ቆዳ፣ ጥፍሯ ሥር የገባውን አፈር፣ የቦገንቪላ እሾህ የጫረውን ሁሉ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ደጋግመው ዳሰሱት።

«የአባቴ እጅ» አሉ። «እንዲሁ ነበር። ትምህርት ቤት ሊወስደኝ ሲመጣ ሰው እንዳያየው ብዬ ይኼን እጅ አልይዝም ነበር።»

ትዝታ ፊታቸው ተንበረከከች። ሴትዮዋ ጭቃዋን ሳይፈሩ ደረታቸው ላይ ለጠፏት፤ ሁለቱም አለቀሱ። ትዝታ ከእናቷ ቤት ከወጣች እንዲህ ያቀፋት ሰው አልነበረም፤ ማቀፍ ምን ያህል እንደሚያሞቅ ረስታው ነበር።

አሥር ሰዓት ሲል በሩ ላይ ከባድ ክላክስ ጮኸ። አንድ ትልቅ ቦቴ ውሃ ጭኖ ገባ። ከሹፌሩ ጎን፣ ሸሚዙ ተቀዶ፣ ፊቱ በመኪና ግራሶ ጠቁሮ፣ ዓለምብርሃን ተቀምጧል። ቦቴው ሳይቆም ዘሎ ወረደ።

«ውሃ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ነጩን ግቢ አየ። ከዚያ ቦቲ የተጫሙትን እናቱን አየ። «እማዬ?!»

«ቀስ በል» አሉት እናቱ። «ሣሩ ተኝቷል።»

ትዝታ አንሶላዎቹን ተሻግራ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«አንተ የት ነበርክ?»

ቃሏን ሰምቶ ፊቱ በራ። አሥራ አንድ ቀን የጠበቀው «አንተ» ነበር። «ከባሬ ጋር። የእሱ አልነሣ ሲል ውሃውን ወደ ሌላ ቦቴ ገለበጥነው።»

«ለምን ሳትነግረኝ ሄድክ?»

«ብነግርሽ 'እርስዎ አይልፉ' ትይኝ ነበራ!»

ሳቀች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። «ዓለሜ፣ ይቅር በለኝ። ትኬቱን አይቼ ጥለኸኝ የምትሄድ መስሎኝ ነው። ደብዳቤውን አንብቤዋለሁ።»

«የትኛውን ደብዳቤ?»

«እኔ ነኝ ሳላውቅ ያስነበብኳት» አሉ ወይዘሮ አምለሰት። «የአያትህንም ታሪክ አንድ ቀን እነግርሃለሁ። ለእሷ ነግሬያታለሁ፤ አንተ ተራህን ጠብቅ።»

ሮቶው ሞላ። ፀሐይዋ ስትለዝብ አንሶላዎቹን አንድ በአንድ ገፈፏቸው። ከሥራቸው ሣሩ ቀና ብሎ፣ ጠል እንደመታው ጠዋት እያበራ ብቅ ሲል ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። ናጂብ «አልሐምዱሊላህ! አረንጓዴ ነው!» እያለ የጭቃ አንሶላ አቅፎ ዞረ።

ወይዘሮ አምለሰት ቦቲያቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወደ አየነው ሄዱ።

«ወንድሜ፣ የዚህች ልጅ ወገን እዚህ ማን አለ?»

አየነው አካፋውን ጣለ። «አባቷ አርፈዋል። እናቷ አገር ቤት ናቸው፤ በስልክ ይገኛሉ። እዚህ ግን... እኔ ነኝ ያለሁላት።»

«እንግዲያው እርስዎን ነው የምጠይቀው። ሽማግሌ ይዤ ልመጣ ሲገባኝ ራሴ ሽማግሌ ሆኜ መጥቻለሁ።»

«እማማ፣ ብቻዎን አይደሉም» አለ ናጂብ ከጎናቸው እየቆመ። «እኔም የወንዱ ወገን ነኝ።»

አየነው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ጃኬቱን ቆለፈ። በአንድ ጊዜ ድንጋይ ጠራቢነቱ ቀርቶ የትልቅ ሰው ግርማ መጣበት። ወይዘሮ አምለሰት በወጉ ቆመው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለን መጥተናል» አሉ።

አየነው ጉሮሮውን ጠረገ። ኒሙን አየ። ሰማዩን አየ። «ነገሩ ከባድ ነው» አለ። «እንመክርበታለን።»

«ኧረ ጋሼ አየነው!» አለ ዓለምብርሃን።

«ሙሽራ ዝም ይላል!» ብሎ ገሠጸው። ሠራተኞቹ በሳቅ ፈረሱ። አየነው ግን ሳይስቅ ትዝታን በእጁ ጠራና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«ምን ልበላቸው አለቃ?»

ትዝታ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ከዓለምብርሃን ጋር ዓይን ለዓይን ተገናኙ፤ እሱ ፊቱ ላይ ግራሶ እንደተለቀለቀ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። በሶማሊኛ ከቦቴ ሹፌር ጋር የምትሟገት፣ በአማርኛ ሠራተኛ የምታዝ አፏ አንዲት «እሺ» አጣ። አየነውን ክንዱን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና ራሷን ነቀነቀች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እልልታው ከየት እንደመጣ አላየችም። ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ከጠዋት ጀምሮ ያልደከማት ሴት በዚያች ቅጽበት ደከማት፤ ደስታ እንዲህ ጉልበት እንደሚያሳጣ እስከዛሬ አታውቅም ነበር።